ጨባጩ የመጣ ሰሞን

በእኛ የባቡር ግቢ የሰው ሚስት ከመንካት የሰው ጨርቅ መንካት ይብሳል። እንዲህ የሚሉት ወንዶቹ ናቸው። ስለ ሚስቱ እኔ አላውቅም፤ ስለ ጨርቁ ግን ከእነሱም በላይ አውቃለሁ፤ የምሰፋው እኔ ነኝና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፉርጎና ፉርጎ የሚያያዘው በሰንሰለትና በሜንጦ ነው። ባቡሩ ወደ ኋላ ገፍቶ ሲያጠጋቸው አንድ ሰው በሁለቱ መሃል ይገባል፣ ጎንበስ ይላል፣ ያን የሚያህል ሰንሰለት አንስቶ ሜንጦው ላይ ይጥላል፣ ከዚያ ልብሱን አራግፎ ይወጣል። አባዬ የሚሠራው ይህንን ነው፤ ፉርጎ ቀጣይ ነው።

መሃል የገባ ሰው ለማንም አይታይም። ነጂው ከፊት ነው ያለው፤ ከኋላው የተሰለፈው ፉርጎ ሁሉ ይጋርደዋል። ስለዚህ ቀጣዩ ከመግባቱ በፊት የራሱን ቀይ ጨርቅ ከፉርጎው ጎን ካለው መንጠቆ ላይ ይሰቅላል። ጨርቁ እዚያ እስካለ ድረስ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። የሚያወርደው ደግሞ የሰቀለው ሰው ብቻ ነው፤ ወንድሙ አያወርድለትም፣ አለቃውም አያወርድለትም። አንድ ጊዜ አንዱ ቀጣይ ጨርቁን ሰቅሎ ረስቶት ምሳውን ሊበላ ቤቱ ሄደ። ባቡሩ ሰው እንደጫነ ቆሞ ጠበቀው። ተሳፋሪው ይሳደባል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ነጂው ክንዱን አጣጥፎ ቁጭ ብሏል። ሰውየው ጥርሱን እየጎረጎረ ሲመለስ የሰባት ቤቱን ስድብ አወረዱበት፤ ጨርቁን ግን አንድም ሰው አልነካበትም።

የማን እንደሆነ እንዲለይ እያንዳንዱ ጨርቅ ምልክት አለው። አንዱ ነጭ ቁልፍ ተሰፍቶበታል፣ አንዱ ዙሪያውን ጥቁር ክር ነው። የአባዬ ጥግ ላይ ሰማያዊ ቁራጭ አለ፤ ከዩኒፎርሜ ነው የቆረጥኩት። ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀሚሱ ገና አዲስ ነበር። እማዬ ለሰው እንስጠው ስትል እኔ መቀሱን አነሳሁ። አባዬ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ አየውና፣ "አንቺ ባትማሪም ዩኒፎርምሽ ሥራ ያዘ" አለኝ። ሳቅን። ያኔ እኔና እሱ ብዙ እንስቅ ነበር።

የምውለው ጨርቅ ቤት ነው። ያለቀ ሸሚዝ፣ የተቀደደ መጋረጃ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንሶላ በጆንያ ይመጣልኛል፤ እየቆረጥኩ ለመካኒኮቹና ለቀለም ቀቢዎቹ መወልወያ አደርገዋለሁ። የቆሸሸውም በጆንያ ይመለስልኛል። የሚታጠበውን አጥባለሁ፣ የማይታጠበውን ወደ ምድጃ። ግቢ ውስጥ የተጣለ ጨርቅ የትም ይዙር የት መጨረሻው እኔ እጅ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማወቅና በሰዓቱ ማስታወስ ግን ይለያያሉ።

ጋሼ ፉጨት የአባዬ የልብ ጓደኛ ነው። ሥራው ስሙ ነው፤ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጫል። አንድ ረጅም ካፏጨ ነጂው ወደ ኋላ ይገፋል፣ ሁለት አጫጭር ካፏጨ ይቆማል። አባዬ መሃል ገብቶ ጎንበስ ባለ ቁጥር ነፍሱን የሚያስቀምጠው እዚያ ሁለት ጣት ላይ ነበር። ሰውየው ቤታችን ሳይደውል፣ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው፤ የሚቀመጥባት ወንበር እንኳ የታወቀች ናት። "መርፌ" የሚለውን ስም ያወጣልኝም እሱ ነው፤ ስለምሰፋ ነው ይላል፣ ሌላው ሰው ስለምላሴ ነው ይላል። ጋሼ እያልኩ አንተ እለው ነበር። "ጋሼ፣ ጥርስህ ሲያልቅ በምን ልታፏጭ ነው?" ስለው፣ "አንቺን እቀጥራለሁ፤ ያንቺ አፍ እንደሆነ ጡረታ አያውቀውም" ይለኛል። ማፏጨት ያስተማረኝ እሱ ነው። እማዬ ሴት ልጅ አታፏጭም ብላ ተቆጣች፤ እሱ ግን በእሷ ፊት ዝም በይ እያለ ከኋላዋ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ያሳየኝ ነበር።

እንግዲህ ጨባጩ መጣ።

ትክክለኛ ስሙ ረጅም ነው፣ የእኔ ምላስ እንኳ አልቻለውም። ግቢው በሙሉ ጨባጩ ነው የሚለው። አዲሶቹ ፉርጎዎች ሜንጦም ሰንሰለትም የላቸውም፤ ከፊትና ከኋላ በከፊል የተከፈተ የብረት ቡጢ ወጥቶላቸዋል። ሁለት ፉርጎ ተገፍቶ ሲጋጭ የአንዱ ጣት በሌላው መዳፍ ውስጥ ይታጠፍና፣ ከውስጥ አንድ ወፍራም ፒን ቿ ብሎ ይወርዳል። አለቀ፤ ተያያዙ። ለማላቀቅ ከፉርጎው ጎን ያለውን እጀታ ከፍ ታደርጋለህ፤ ፒኑ ይነሳል፣ ጣቱ ይከፈታል። መሃል የሚገባ ሰው የለም። አንድ አመል ብቻ አለው፤ ቢያንስ አንዱ ቡጢ ተከፍቶ መጠበቅ አለበት። ሁለቱም ከተዘጉ እንደ ሁለት የተኳረፉ ጎረቤቶች ተገጫጭተው ወደየመጡበት ይመለሳሉ።

አባዬ ያየው ቀን ጨርቅ ቤት ድረስ እየሮጠ መጣ፤ አባዬ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። "እጅሽን ስጪኝ" አለኝ። የእኔን ጣቶች ጎበጥ አድርጎ የእሱን ጣቶች ከነሱ ጋር አቆላለፈና፣ "በይ ጎትቺ" አለ። ጎተትኩ። ወይ ፍንክች። "እንዲህ ነው የሚይዘው፤ እኔ ካልከፈትኩልሽ አንቺ የትም አትሄጂም" አለኝ። ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ያበራ ነበር። ወዲያው ደግሞ ብርሃኑ ጠፋ። መሃል የሚገባ ሰው ካላስፈለገ እሱስ ለምን ያስፈልጋል? አለቃው ቀጣዮቹን ሰብስቦ፣ እንግዶች መጥተው ጨባጩን አይተው ከወደዱት ግቢው በሙሉ በጨባጭ እንደሚሆን፣ ጥቂት ሰው ብቻ ለዘይትና ለጥበቃ እንደሚቀር ነግሯቸው ነበር። ማን ይቅር ማን ይውጣ አልተናገረም። አለቃው እንዲህ ነው፤ ሥጋውን ከፍ አድርጎ ይዞ ውሾቹ ሲያዩት ማየት ይወዳል።

እንግዶቹ በሚመጡበት ዋዜማ ፉርጎዎቹ አረንጓዴ ተቀቡ። ጨባጮቹም ሳይቀሩ ተቀቡ። እነሱን የቀባው አባዬ ነው፤ ያውም እንደ አባዬ አድርጎ፣ ስርጉድ ስንጥቅ ሳይተው፣ እንግዶቹ እንዲወዱት ሲል ሁለት ጊዜ ደርቦ። ለቀለሙ መወልወያ እኔ ራሴ ነኝ የሰጠሁት። እኔም አላሰብኩት፣ እሱም አላሰበው፤ ቀለም ሲደርቅ ያጣብቃል።

በነጋታው እንግዶቹ አለቃው ቢሮ ሻይ እየጠጡ ሳለ አንድ ጊዜ እንሞክረው ተባለ። ፉርጎው ተገፋ፤ ሁለቱ ቡጢዎች ተዘግተው ነበርና ድው ብለው ተመለሱ። እጀታውን አነሱት፤ ፒኑ በቀለም ተጣብቋል፣ አይነሳም። አለቃው በዚያ ጠዋት ብርድ ላቡ በግንባሩ ወረደ። አባዬ ምንም ሳይል መዶሻ አነሳ። እኔ ጨርቅ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ አያለሁ። እጁን ኪሱ ከተተ፣ ጨርቁን አወጣ፣ መንጠቆው ላይ ሰቀለ። ሰማያዊዋ ጥግ በነፋስ ስትገለበጥ አይቻታለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሃል ገባ። የመዶሻው ድምፅ ይሰማኛል።

ከቢሮው አንዲት ጸሐፊ መጥታ ለእንግዶቹ እጅ መጥረጊያ ንጹሕ ጨርቅ አምጪ አለችኝ። ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። ነጭ ነጩን እየመረጥኩ ነበር። መዶሻው ዝም አለ። ከዚያ አንድ ረጅም ፉጨት ሰማሁ።

አልደነገጥኩም። ጨርቁ ተሰቅሏል፣ ባቡሩ አይነቃነቅም፣ ጋሼ ፉጨት የሚያፏጨው ለሌላ ነገር ነው ብዬ ጨርቄን ማጠፌን ቀጠልኩ።

ፒኑ ለቅቆ ነበር። አባዬ የቀረውን ቀለም በጣቱ እየፋቀ ሳለ ፉርጎው ተገፍቶ መጣ። ጨባጩ ሥራውን ሠራ፤ ያገኘውን ጨበጠ።

አባዬ አልሞተም። የቀኝ እጁ ጣቶች እንኳ ሁሉም አሉ፤ ግን አይታጠፉም። ሐኪሙ ብዙ ነገር ተናግሮ ሲጨርስ የገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ ያ እጅ ከእንግዲህ ምንም አይጨብጥም።

ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ነው ወሬው የደረሰኝ። ቀጣዩ ጨርቁን ሳይሰቅል ገብቷል ተባለ። ጥፋቱ የራሱ ነው፤ አጣሪ ይቀመጥበታል፣ ይሰናበታል። ሳቄ መጣ፤ እንዲህ ያለ ውሸት ማን ይሰማዋል ብዬ። ጋሼ ፉጨት ብርቱካን ይዞ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እየላጠ፣ ዘለላ ዘለላውን እየለየ አባዬን ያጎርሰዋል። ለራሱ አንዲት ዘለላ አልቀመሰም፤ አዝኖ ነው አልኩ።

"ጋሼ፣ ንገራቸው እንጂ" አልኩት። "አንተ አጠገቡ ነበርክ። ጨርቁ የት ገባ ይላሉ፤ የት ገባ?"

ቀና አላለም። ከብርቱካኑ ላይ ነጩን ክር እየለቀመ፣ "የምን ጨርቅ?" አለኝ።

አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሕመሙ ብሶበት መስሎኝ ትራሱን አስተካከልኩለት። ምን ያህል ሞኝ ነበርኩ።

ወደ ሥራ የተመለስኩ ቀን የቀለም ቀቢዎቹ ጆንያ ጨርቅ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ዘረገፍኩት። በአረንጓዴው መወልወያ መሃል አንድ ቀይ ነገር ተጠቅልሎ ወደቀ። ሰማያዊዋ ጥግ ቀለም ነክቷታል። ማንጠልጠያው፣ በድርብ ክር የሰፋሁት ማንጠልጠያ፣ ከአንድ ወገን ተገንጥሏል። ከኪስ የወጣ ጨርቅ ማንጠልጠያው አይገነጠልም። ከመንጠቆ ላይ በችኮላ የተመነጨቀ ነው የሚገነጠለው። ያወረደው ሰው አየት አድርጎ ቅርብ ያገኘው ጆንያ ውስጥ ወርውሮታል፤ ጆንያው ወደ ማን እንደሚሄድ ሳያስብ።

ወደ መንጠቆው ሄድኩ። ቁራጭ ክር እዚያው ተጠምጥሞ ነበር።

አጣሪዎቹ የተቀመጡ ዕለት ማንም አልጠራኝም። ራሴን ጠርቼ ገባሁ። ረጅም ጠረጴዛ፣ አለቃው ራስጌ፣ ከዋናው ቢሮ የመጡ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኙ፤ ነጂው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ ጋሼ ፉጨት ጥግ ላይ፤ አባዬ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን እንደ ሰው ልጅ አቅፎ መሃል። አለቃው ውጪ ሊለኝ አፉን ሲከፍት ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የሰፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሲሰቀል በዓይኔ እንዳየሁ፣ የት እንዳገኘሁት፣ ማንጠልጠያው ምን እንደሆነ፣ ክሩ አሁንም መንጠቆው ላይ እንዳለ ተናገርኩ። ሳልሳደብ ተናገርኩ፤ ይህን ሊመዘግቡልኝ ይገባ ነበር።

ነጂው ጎንበስ ብሎ ማንጠልጠያውን በጣቱ ነካ። ከተቀመጠበት ሆኖ እንደማይታየው፣ የሚያውቀው ፉጨቱን ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ወደ ጋሼ ፉጨት ዞሩ። ጨርቅ አላየሁም አለ። ሽምጥጥ አድርጎ ካደ፤ ያቺን ወንበር፣ ያን ሁሉ ሳቅ፣ ሁሉንም አብሮ ካደ። ግድ የለም አልኩ በልቤ፤ አሁን አባዬ ይናገራል። የሰቀለው እሱ፣ እጁን ያጣው እሱ፤ አባዬ ከተናገረ አለቀ።

አባዬ ጨርቁን ብዙ ሳያይ፣ "ኪሴ ውስጥ ነበር" አለ። "አልሰቀልኩትም። ረስቼው ነው። ስወድቅ ከኪሴ ወጥቶ ይሆናል።"

"አባዬ?" አልኩ።

እኔን አላየኝም። እነሱን እያየ፣ "ልጅ ናት" አለ። "አባቷን ወዳ ነው የዋሸችው፤ አትፍረዱባት።"

ከዋናው ቢሮ የመጣው አንደኛው ሰው በሐዘኔታ ፈገግ አለልኝ። ከዚያ ፈገግታ ጥፊ ይሻለኝ ነበር። ጨርቄን አጥፌ ወጣሁ።

አባዬ ቤት ደርሶ ነገረኝ። ለካ ጋሼ ፉጨት ብርቱካኑን ይዞ ከመምጣቱ በፊት አለቃው ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ጨርቁ ተሰቅሎ ነበር ከተባለ ያወረደው ሰው ወህኒ ይወርዳል፣ ጨባጩም ገና ከጅምሩ ስሙ ይጠፋል፣ ግቢው ይዘጋል፣ ሁላችሁም ትበተናላችሁ ብሎታል። ረሳሁ ካልክ ግን አላሰናብትህም፤ በአንድ እጅ የሚሠራ ሥራ፣ ጨባጮቹን ዘይት መቀባት፣ ላንተ ነው ብሎታል። አባዬ ይህን ሁሉ የነገረኝ ረጋ ብሎ፣ የማይገባኝ ነገር ያለ ይመስል እየደጋገመ ነው። ጓደኛውን ማሳሰር አልቻለም። እኛንም ሜዳ ላይ መጣል አልቻለም። እማዬም፣ "በቃ፣ አፍሽን ሰብስቢ፤ ቤት ቆሞ የሚውለው በዚህ ነው" አለችኝ።

"ለእሱ አዘንክለት፣ ለቤቱም አሰብክ" አልኩት። "እኔንስ ለምን ውሸታም አደረግከኝ?"

"አንቺ ልጅ ነሽ" አለኝ። "የልጅ ነገር ይረሳል።"

አልተረሳም። በእኛ ግቢ ሰው ብዙ ነገር ይዋሻል፤ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ወገቡ ሕመም፣ ትናንት ስለቀረበት ምክንያት። ስለ ጨርቅ ግን አይዋሽም። ሳልፍ "ሰቅሏል መጣች" ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ መለስኩላቸው፤ አፍ አላነሰኝም። ከዚያ ግን ቀጣዮቹ የተቀደደ ጨርቃቸውን ይዘው መምጣታቸውን ተዉ። አንዱን ነጭ ቁልፍህ ሊወድቅ ነው ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ ጨርቁን ወደ ኪሱ ከትቶ፣ ሚስቴ ትሰፋልኛለች አለኝ። ሚስቱ መርፌ በየት በኩል እንደሚወጋ የማታውቅ ሴት ናት። ያን ዕለት ጨርቅ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ከፈትኩ።

አባዬ አዲሱን ሥራ ጀመረ። አጭር በርጩማ፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ ያረጀ ብሩሽ በግራ እጁ። ጋሼ ፉጨትም ቦታው ላይ አለ። አሁንም ሲያየኝ "መርፌ" ይለኛል። እኔ ግን "እንደምን አደሩ" እለዋለሁ፤ እርስዎ እያልኩ፣ እንደ ባዕድ አክብሬ። በመጀመሪያው ቀን ፊቱ አመድ መሰለ። ስድብ ቢሆን ይስቅ ነበር።

እንግዶቹ እንደገና ሊመጡ ነው ተባለ። በዚህኛው ቀን ጨባጩ በባዶ ፉርጎ አይሞከርም፤ ሙሉ ባቡር ተቀጥሎ፣ ሰው ጭኖ ሊወጣ ነው። እኔ ማንጠልጠያውን በአዲስ ክር ሰፋሁት። በሦስት ድርብ።

ጠዋት ግቢው ሰው በሰው ነው። ቀጣዮቹ ዳር ዳሩን ቆመዋል። ፉርጎዎቹ ተገጣጥመዋል፣ ነጂው ቦታው ላይ ነው፣ ጋሼ ፉጨት ጣቱን ወደ አፉ እያነሳ ነው። ያኔ በሁሉም ፊት አለፍኩና የአባዬን ጨርቅ መንጠቆው ላይ ሰቀልኩት። መሃል አልገባሁም፤ ያን ያህል አላበድኩም። ጨርቁን ሰቅዬ ሀዲዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

አንዱ ቀጣይ፣ "ጨርቅ" ብሎ ተጣራ። ከፊት ያለው ተቀበለው፤ ቃሉ እየተቀባበለ ነጂው ዘንድ ደረሰ። ነጂው ሞተሩን አጠፋ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አለቃው እየተቻኮለ መጣ።

"ማነው የሰቀለው?"

"እኔ ነኝ።"

"አውርጂው።"

"ሳልጨርስ አላወርድም" አልኩ። ምኑን እንደምጨርስ ራሴም አላውቅም ነበር።

አለቃው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በጥርሱ መሃል ያለኝን አልጽፈውም። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በቅርብ ወደቆመው ወደ ጋሼ ፉጨት ዞረና፣ "ምን ትገተራለህ፣ አንሳልኝ ያን ጨርቅ" አለ።

ጋሼ ፉጨትም አነሳው።

እንዲህ በቀላሉ ያደርገዋል ብዬ አልጠበቅኩም። አላሰበም፣ ግራ ቀኝ አላየም፤ ግራ እጁን ወደ ላይ ሰደደ፣ መነጨቀ፣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተተው። ማንጠልጠያው አልተበጠሰም፤ ስፌቴ ስፌት ነው። ከዚያ ዞር አለ። ቀጣዮቹ ሁሉ የሚያዩት እጁን ነበር። አንድም ሰው እንደዚያ አድርጎ የሰው ጨርቅ ሲያወርድ አይተው አያውቁም፤ እሱ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርገው ሰው አይመስልም ነበር።

ነጂው ከላይ ወረደ። ቀስ ብሎ በፉርጎዎቹ ጎን ተራምዶ መጣና ፊቱ ቆመ። "በዚያን ቀንም እንዲህ ነው ያወረድከው?" አለው።

ጋሼ ፉጨት ጨርቁን ከብብቱ አወጣና እንደ እሳት አየው። "እንግዶቹ በር ላይ ናቸው፣ ያን ጨርቅ አንሳልኝ አሉኝ" አለ፤ ማን እንዳለው ማንም አልጠየቀም፣ አለቃው እዚያው ቆሟል። "መዶሻው ዝም ሲል ወጥቷል ብዬ ነው።"

"ብዬ ነው እንዳትል አይደለም እንዴ የተሰቀለልህ?" አለ ነጂው። ቀጥሎም፣ "ከዛሬ ጀምሮ በአንተ ፉጨት አልነዳም" አለው።

አለቃው እንግዶቹን ክንዳቸውን እየነካ ወደ ቢሮ ይነዳቸው ጀመር። እኔ እነሱን አላየሁም። እኔ የማየው አባዬን ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጧል፣ ብሩሹ በግራ እጁ ነው፣ ዘይቱ ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ ነው። አሁን ምንም አይቀርበትም። ጓደኛው ራሱ ተናግሯል፤ የሚያሳስረው እሱ አይደለም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምፈልገው፣ ሰቅዬው ነበር እንዲል፤ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ባሉበት፣ ልጄ አልዋሸችም እንዲል።

ነጂው የልቤን ያወቀ ይመስል ወደ እሱ ዞረ። "አንተስ? ሰቅለህ ነበር አይደል?"

አባዬ ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነከረ። አወጣ። አንጠባጠበ።

"ያለፈ ነገር ነው" አለ። "ምን ያደርጋል አሁን።"

ይኸው ነው። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ነጂው ጨርቁን ከጋሼ ፉጨት እጅ ወስዶ ሰጠኝ። ደንቡ ደንብ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ የወረደ ጨርቅ አልወረደም፤ ስለዚህ መልሼ ሰቀልኩት፣ ከዚያ ራሴ አወረድኩት። ቀጣዮቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ያ ነጭ ቁልፍ ያለው ሰው ሳልፍ ኮፍያውን አነሳ፤ እንዳላየ አለፍኩት። በአባዬ በኩል ስደርስ ከበርጩማው ተነሳ። የማይታጠፈውን እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ጣቶቹ ጎበጥ እንዳሉ ደርቀዋል፣ ያን ዕለት ጨርቅ ቤት መጥቶ እንዳሳየኝ። ጨርቁን ይሁን እኔን የፈለገው አላወቅኩም። የእኔን ጣቶች እዚያ ውስጥ ባስገባቸው የሚይዝ ነገር አልነበረም። አለፍኩ።

ነገሩ ሌላ ቦታ ደርሷል አሁን፤ የዋናው ቢሮ ሰዎች ሊመለሱ ነው ይላሉ፣ አለቃው ታሟል ይላሉ። ቀጣዮቹ ጨርቃቸውን ይዘው መምጣት ጀምረዋል፤ አሰፋለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። ጋሼ ፉጨት ቤታችን አይመጣም። ወንበሩን እማዬ ወደ ጓዳ አስገባችው።

የአባዬን ጨርቅ፣ በሰቀልኩት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤት ገብቼ እማዬ ሳታየኝ፣ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት። ሰማያዊዋን ቁራጭ አወጣሁና ኪሴ ከተትኳት። ቀዩን በቤታችን በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ትቼለታለሁ። ምልክት የለውም፤ የማንም ሊሆን ይችላል።